በአሮጌው ደጄ የሚቀመጡ ሰዎች

ሰኞ፣ ጥቅምት 5፤ ጧት

ቅቤው ቀልጧል። የስብራት መደገፊያው መቃ ተሰንጥቋል። ጨርቁ ታጥቧል። ታማሚ የለም። እኔ ወጌሻ ደምሴ ዝንብ እሽ እላለሁ!

ስማ ደብተር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ ልጄ አልማዝ ናት። ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ አታሳምሪ ብያታለሁ።

ቀበሌው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ቤቴን ለሁለት ሰው ይሰፋል ብሎ ወደ ሶደሬ መንገድ ካዛወረኝ ወዲህ እንዲህ ነው። እዚያ ሳለሁ ከመቂ፣ ከወንጂ፣ ከመተሐራ ሰው ይጎርፍ ነበር። ከባቡር ወርዶ፣ እያነከሰ፣ ቀጥ ብሎ ወደኔ። ዛሬ አጥንት መሰበር ቀረ? አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

አልማዝ በአሮጌው በር ላይ መዛወሬን በጠመኔ ጻፈች። ቆንጆ ጽሕፈት ነው አሉ። የኔ ታማሚ መች ያነባል?

ቤቱ ለወ/ሮ አስካለ ነው የተሰጠው። የሾፌር ሚስት ናት። ሰው ሲያንኳኳ አዲሱን ሰፈሬን ንገሪልኝ አልኳት። እሺ አባባ አለች። ደግ ሴት። በረንዳዬን ግን ሰማያዊ ቀብታዋለች!

ከአጥሩ ውጭ ያለው አግዳሚ እንዳለ ነው። የግራር ግንድ። ቦታውን የመረጠችው ባለቤቴ ብርቄ ናት፣ ነፍሷን ይማር። ስብራት የጧት ፀሐይ ይወዳል ብላ። ባቡሩ ሲጮህ ሁለታችንም ቀና እንል ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አመጣ ብለን።

ወ/ሮ አስካለ ይነሳ ወይ አለችኝ። ይቀመጥ! ቤቱን ቢወስዱም አግዳሚው የኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10፤ አመሻሽ

ተናድጃለሁ። ኦቦ ገመዳ መጣ፣ የመቂ ሽንኩርት ጫኝ። ከመኪና ወድቆ ትከሻው ወልቋል። እዚህ ናዝሬት የደረሰው ጧት ነው። እስካሁን የት ነበርክ? አልኩት። አግዳሚው ላይ። ለምን አላንኳኳህም?

«የወጌሻ በር ይንኳኳል እንዴ? አባቴን ይዤ የመጣሁ ጊዜ ቁጣዎን አይቻለሁ!»

እውነቱን ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አጥንት ይዘህ በር ሲንኳኳ እጅ ይስታል። ስለዚህ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ስጨርስ ወጥቼ እጠራለሁ። አስካለ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ ዋሉ። ውሃ ልትደፋ ስትወጣ አገኘችው፤ ወደዚህ ላከችው። የዚህ ሰፈር ሰው ደግሞ «ወጌሻ? ከጣቢያው ጀርባ ነው» ብሎ መልሶ ሰደደው! እዚህ መዛወሬን ማን ያውቃል። አልማዝ መንገድ ላይ ባታገኘው በሁለቱ ደጅ መሀል ይመላለስ ነበር።

ትከሻው አብጦ ነበር። ወደ ቦታው መለስኩት። ግን ጮኸ። በጊዜ ቢደርስ ገመዳን የመሰለ ወንድ አይጮህም።

ሲወጣ ቀለደብኝ። «አባባ፣ ትርፍ ቤት በአዋጅ ተከልክሎ የለም? እርስዎ ሁለት ደጅ እንዴት ያዙ?»

እሁድ፣ ጥቅምት 11

አልማዝ የአሮጌውን በር ጽሕፈት በቀለም ላድምቀው ትላለች።

ነገሩ ግልጽ ነው። አግዳሚው እዚያ እስካለ ይቀመጡበታል። ከተነሳ ግራ ይገባቸዋል፣ ያንኳኳሉ፣ አስካለ ትነግራቸዋለች። እዚህ ደጅ ከተተከለ የዚህ ሰፈር ሰውም ማንነቴን ያውቃል። እምቢ ያለው ልቤ ነው። ብርቄ የመጨረሻ በጋዋን እዚያ ላይ ነው ያሳለፈችው። ታማሚ ሲመጣ ጠጋ ትልለታለች። ያገሩን ዝናብ ትጠይቀዋለች። ሰውየው ሥቃዩን ረስቶ ስለ በሬው ሲያወራ እደርሳለሁ። ግማሹን ሥራ እሷ ጨርሳዋለች።

ገመዳ ግን ጮኸ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጋሪ ይዤ ወደ አሮጌው ደጄ ሄድኩ። ባለጋሪው ይሄ ግንድ ለማገዶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰደብኩት። እግሮቹ መሬት ውስጥ ገብተዋል፣ ሥር ያወጡ ይመስል። ነቀልናቸው። ብርቄ ትቀመጥበት የነበረው ጫፍ ለስልሷል። በእጄ ዳሰስኩት፣ ማንም ሳያይ።

አስካለ ጉድጓዶቹን አይታ አዘነች። ለትዝታዎ እንዲሁ ልተዋቸው ወይ፣ አባባ፣ አለችኝ።

ድፈኛቸው አልኳት። በጨለማ ሰው እግሩ ገብቶ ይሰበራል።