በጣም የለመለሙት ፈርኖች

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ደረጃውን መውረድ ጀመሩ ወይስ አሁንም እህቴን ላይ ታች እያሯሯጧት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እርስዎን ግን ዋሽቼ አላውቅም። ፈርቻለሁ አባባ። ይህን ደብዳቤ ለእህቴ ሰጥተው አያስነብቡ። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ከተክሎቼ ነው። ይሳቁ፣ ግድ የለም። በረንዳዬ በጣሳና በማሰሮ እንደተሞላ ያውቃሉ፤ ጎረቤቶቼም «የቅጠል እናት» ይሉኛል። ለመሥሪያ ቤቶች የምሸጣቸውን ሁሉ የማጠጣው ባለቤቴ የኩሽናው ቧንቧ ላይ በገጠመልኝ የከሰል ማጣሪያ ነው፤ ወይም እርስዎ እንዳስተማሩኝ ውሃውን ባልዲ ውስጥ ክፍቱን አሳድሬ፣ ክሎሪኑ ሲተን። ሁለት ፈርኖች ግን፣ እነዚያን ቅጠላቸው እንደ ላባ የተሰነጣጠቀውን፣ በሩ አጠገብ ለማሳያ አስቀምጫለሁ። አንደኛው የተጣራ፣ ሌላው በቀጥታ ከቧንቧ ይጠጣል። ከቧንቧ የሚጠጣው ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሎ ቡናማ ስለሚሆን፣ ለገዢ «አየህ፣ እንዲህ እንዳይሆንብህ ውሃውን አሳድር» እላለሁ። ንግግሬን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የባንክ ጸሐፊ መጣች። እንደልማዴ ጀመርኩላትና በጣቴ ሳሳይ እሷ በሳቅ ፈረሰች። በሽተኛ ያልሽው ይበልጣል፣ እሱን ስጪኝ አለችኝ። ዘወር ብዬ ባየው እውነቷን ነው። አዲስ ያወጣቸው ቅጠሎች አንድም የተቃጠለ ጫፍ የላቸውም፤ ሁሉም ለምለም። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ?

እሷ ስትሄድ የቧንቧውን ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። እርስዎ የሰጡኝን የመፈተኛ ጠብታ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ክሎሪን ካለ ቢጫ የሚሆነውን። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ውሃው ፍንክች አላለም። ጠብታው አርጅቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ላይ በረኪና ጠብ አድርጌ ደገምኩት። ወዲያው ቢጫ ሆነ። ክው ብዬ ቀረሁ። የከተማው ውሃ ላይ ክሎሪን የሚጨምረው ማን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም፤ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያውን ወንበርዎን ለባለቤቴ ያወረሱት እርስዎ ነዎት።

ምሳውን ሳቀርብለት ሁለቱን ብርጭቆዎች ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። አየና የያዘውን ጉርሻ መለሰው። መጀመሪያ መስመሩ ጥገና ላይ ነው አለ። ቀጥሎ ጠብታሽ የተበላሸ ነው አለ። የበረኪናውን ስነግረው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሁሉንም ተናዘዘልኝ።

ከሁለት ወር በፊት የክሎሪኑ ክፍል ውስጥ ጋዝ አፈትልኮ ባልደረባውን በቃሬዛ አውጥተውታል። ለእኔ ሆድ ይፍጀው ብሎ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያላቸው አንድ ጭንብል መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፤ አዲስ ሲጠይቁ ጠብቁ ተባሉ። ያን ቀን የክሎሪኑን ሲሊንደር ዘጋው፣ ከዚያ ወዲህ አልከፈተውም። በየቀኑ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ እዚያ ስደርስ ግን ሳልገባ እመለሳለሁ አለኝ። መዝገቡ ላይ ግን የቀድሞውን ቁጥር ይሞላል። የጣቢያው የአሸዋ ማጣሪያ ያጣራዋል፣ እስካሁን ማን ምን ሆነ? ይላል።

ላምነው ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው፣ አንድ ሙሉ ቀን አምኜው ዋልኩ። በማግስቱ ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ጨቅላዋን ይዛ ሐኪም ቤት ገባች፤ ልጁ ሲያስቀምጠው ሲያስመልሰው ዓይኑ ጎድጉዶ ግሉኮስ ሰክተውለታል። መድኃኒት ቤት ስሄድ ባለሙያዋ ሰሞኑን ይህን ሰፈር ምን ነካው አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? የእኛዋ ትንሿ ልጅ የምትጠጣው ከማጣሪያው ነው ብዬ እንዳልጽናና፣ ከሰል ሽታ ይወስዳል እንጂ በሽታ አይገድልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከትናንት ጀምሮ ምግብ አልበላም ብላለች። ግንባሯን በየደቂቃው እዳስሳለሁ። አሁንም ይህን እየጻፍኩ ሁለቴ ተነስቼ ዳስሻታለሁ።

ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት እግሬ ላይ ወደቀ። ነገ እከፍተዋለሁ፣ ማንም አይወቅ፣ የልጅሽን አባት እስር ቤት ልትከቺ ነው? አለኝ። ነገ ያለውን ትናንትም ብሎኝ ነበር። ቀጥሎም አባትሽን ጠይቂያቸው፣ እሳቸው ይረዱኛል፣ ያን በር እሳቸውም ያውቁታል አለኝ።

አባባ፣ ይህ ቃል ከጠዋት ጀምሮ ራሴ ውስጥ እየዞረ ነው። ታናሽ ወንድሜ የሞተበትን ክረምት አስታወስኩ። እማዬ በዚያን ጊዜ ባልዲም ማጣሪያም አታውቅም፣ ተክሎቿን ከቧንቧው ቀድታ ነበር የምታጠጣው። አበቦቿ ግን እንደዚያ ክረምት አምረው አያውቁም፤ ሴቶቹ ቅንጣቢ ሊለምኗት ይመጡ ነበር። ልጁ በሆድ ሕመም በአራት ቀን አለቀ። ከቀብር እንደተመለስን ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጣለች፣ እስከ ዕለተ ሞቷም አንዲት ቅጠል አልተከለችም። ጠብታውን ይዘው መጥተው እኔን ማስተማር የጀመሩትም ከዚያ በኋላ ነው።

አልጠይቅዎትም። መልስም እንዲጽፉልኝ አልፈልግም። እማዬ ዝም ያለችው ስለምትወድዎት መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ባሌን እወደዋለሁ፤ ያን በር እንደፈራም እወደዋለሁ። በየበሩ እየዞርኩ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ብያለሁ፤ ለምን ሲሉኝ ግን መልስ አልሰጠሁም። መልሱን ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ልነግረው ነው። ትንሿን ጫማዋን አድርጌላታለሁ፣ መንገዳችን በፖስታ ቤት በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ እሱ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። መንገድ አልዘጋብኝም።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። የተቀየምኩዎት ቢመስልዎትም በምርቃትዎ አይለዩኝ፤ ዛሬ በጣም ያስፈልገኛል።

ከሦስት ልጆችዎ መካከለኛዋ