የባለ ካባው ሙሽራ መጨረሻ

ይድረስ ቤሩት ላለሽው ታላቅ እህቴ ለደጊቱ። እንዴት ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደብቀሽናል? እመቤትሽ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄጃ ፈቀደችልሽ? ምግቡስ፣ እንቅልፉስ፣ ብርዱስ? እኔ ታናሽ ወንድምሽ ሰውነት፣ የላይኛው ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ስልኩ ‹‹ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?›› ስንባባል ስለሚያልቅብን፣ ይህን በወረቀት አድርጌ ወደ እናንተ አገር ለምትመጣው ለጎረቤታችን ልጅ ለሥርጉት ሰጥቻታለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ። አመልሽን አውቃለሁ፤ ደብዳቤ ሲደርስሽ መጀመሪያ የምታዪው ከታች የሰላምታውን ቦታ ነው። እዚያ የአባባን ስም ትፈልጊና ስታጪው አጥፈሽ ታስቀምጪዋለሽ። ዛሬ እንኳ እባክሽ ከላይ ጀምሪልኝ።

የምጽፍልሽ ጅጋ ከቤታችን በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። እማዬ ደህና ናቸው። በርበሬው ዘንድሮ ያዘ፤ ግቢው በሙሉ በስጥ ቀልቶ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ያስነጥሳሉ። አባባም ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀምጠዋል። እኔ ከሰኞ እስከ አርብ ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግን አስተማሪ አይደለሁም።

እሁድ የምውልበትን ስነግርሽ እንዳትደነግጪ። ስመኘው ልብስ ስፌት ቤት ነው። አዎ፣ ያው ስመኘው፤ አባባ ሊድሩሽ ለአባቱ ቃል የገቡለት፣ አንቺ ሠርጉ ሲቃረብ በማለዳ አውቶቡስ ጥለሽው የሄድሽው። አሁን ፍኖተ ሰላም ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጎን ሱቅ ከፍቶ የሙሽራ ካባና ሱፍ ይሰፋል። መጀመሪያ የሄድኩት ሱሪ ላሳጥር ነበር። ቁጭ በል አለኝ፣ ቁጭ አልኩ፣ ይኸው ለመድኩ። አባባ እንዳይሰሙ ግን ተጠንቅቄ ነበር።

ሥራችን ምን መሰለሽ? ልጅ ሳለን አብደንለት የነበረውን፣ አሁንም በድብቅ የምንወደውን፣ በሰው ፊት ግን ለመናገር የምናፍረውን ማውራት ነው። የጓሮ ጎረቤታችን ክንፈሚካኤል ዛሬ ትልቅ ዲያቆን ሆኗል። ያኔ ቡሬ ቅኔ ሊማር ሄደ ተብሎ ስንቅ ሲላክለት፣ እሱ ለካ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ሲያይ ይውል ነበር። የጠፋ ልጅ ከእናቱ ጋር ሲገናኝ ድምፁን አውጥቶ ያለቅስ እንደነበር ራሱ ነው የነገረን። ዘፈኑን ዛሬም በቃሉ ይወጣዋል፤ ትርጉሙን አንዲት ቃል አያውቅም። ከደብረ ታቦር የመጣችው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መስከረም ደግሞ ተማሪዎቿን ቁም ነገር አንብቡ እያለች ትቆጣለች። ከቦርሳዋ ግን ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበደ የፍቅር መጽሐፍ አይጠፋም፤ የለበደችው ለምን እንደሆነ ሽፋኑን ብታዪው ይገባሻል። የእኔን ታውቂዋለሽ። የማስቲካ ሥዕሎቼ አሁንም በጣሳ ውስጥ አሉ፤ ማንም ቢስቅ አልጥላቸውም።

ክረምት ሊገባ ሲል ወሬው ወደ ሥዕል መጽሔት ዞረ። ትዝ ይልሻል አይደል? የጅጋው ባለሱቅ ጨውና ስኳር የሚጠቀልልበት የፈረንጅ መጽሔት ነበር። ክንፈሚካኤልና እኔ በገበያ ቀን እያንዳንዱን ገጽ ለምነን እናመጣልሽ ነበር፤ አንቺ መደብ ላይ ዘርግተሽ ታነቢልን ነበር። ከጣራ ጣራ የሚዘለውን ባለ አረንጓዴ ካባ ሰውዬ ሙሽራ ነው አልሽን። ሙሽራ ባይሆን ካባ ምን ይሠራለታል? ከኋላው የሚሮጡት ባለ ቆብ ፖሊሶች ሚዜዎቹ ነበሩ። ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነው አማቶቹ እንዳያውቁት ነበር። በየገጹ ፊቷን አዙራ የምትሮጠው ቀይ ለባሽ ሴት የተጠለፈችበት ሙሽሪት ነበረች። ክንፈሚካኤል ‹‹በዚህ ሳምንትስ ያገኛት ይሆን?›› እያለ እህል አልበላም ይል ነበር።

መስከረም በክረምቱ አዲስ አበባ ለትምህርት ሄዳ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ያንኑ መጽሔት ሙሉውን አምጥታልን አረፈችው። ባለፈው ወር መነጽሯን አስተካክላ ታነብልን ጀመር። ሰውዬው ሙሽራም ምንም አይደለም፤ ላጤ ነው፤ ቀን ቢሮ ይሠራል፣ ሲመሽ ሌባ ያሳድዳል፤ ቀይ ለባሿም ባንክ የዘረፈች ናት አለችን። ክንፈሚካኤል ከመቀመጫው ተነሣ። ‹‹ፈረንጁ ነው የተሳሳተው! ካባ ደርቦ ሌባ የሚያባርር የት አገር አለ?›› አላት። እኔም ደገፍኩት።

እትዬ፣ እኔ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር እኮ የኖርኩት። ስምንተኛ ክፍል ሆነሽ ያን ሁሉ ከራስሽ ነው ያወጣሽው! እንዴት እንደኮራሁብሽ ብታዪኝ። መስከረም ራሷ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ የአንቺው ይሻላል ብላ ፈረደች። ከዚያ ወዲያ መጽሔቱን እየገለጠች ‹‹እዚህ ጋ ደጊቱ ምን ነበር ያለችው?›› እያለች ትጠይቀናለች።

አንድ እሁድ እንዲህ ስትጠይቀን ነው የስመኘው የስፌት መኪና ቀጥ ያለው። እግሩን ከፔዳሉ ላይ አንሥቶ መጨረሻው እንዴት ሆነ፣ ሙሽራው አገኛት ወይ ብሎ ጠየቀን። እኔም ከማን ጋር እንደማወራ ረስቼ፣ እህቴ ሳትጨርስልን ጥላ ሄደች አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን ዋጋ አለው? ክንፈሚካኤል ጣራ ጣራውን አየ። መስከረም መጽሐፏን ገለጠች።

ስመኘው ግን ሳቅ ብሎ እንግዲያው እኔ ልጨርሰው አለ። ሙሽራው ብዙ ጣራ ከዘለለ በኋላ ደክሞት ቁልቁል ቢያይ፣ ልጅቱን የጠለፋት ሰው የለም፤ በገዛ እግሯ ነው የምትሮጠው። እሱም ካባውን የደረበው አባቱ ልበስ ስላሉት እንጂ ማን እሱን ጠይቆት? ስለዚህ ወርዶ ካባውን አወለቀና የምትወደውን አግብቶ ልጆች ወለደ። ቀይ ለባሿ ግን ይህን የሚነግራት ሰው ጠፋ፤ እስከ ዛሬ ወደ ኋላ እያየች ትሮጣለች አለ።

ስንወጣ ደጅ ድረስ ተከትሎኝ በግልጽ ነገረኝ። ‹‹ለደጊቱ ጻፍላት። እኔም ባለቤቴም ቂም የለንም፤ እናቷን ለማየት የምታፍርበት ምክንያት የለም›› አለኝ። እኔም ችግሩ አንተ ብቻ አይደለህም አልኩት። አባባ ቃሌን አጠፍኩ ብለው የእሱን አባት በገበያ ሲያዩ መንገድ እንደሚቀይሩ፣ አንቺንም ‹‹ያቺ›› ከማለት በቀር በስምሽ ጠርተውሽ እንደማያውቁ አጫወትኩት። ስመኘው ራሱን ነቀነቀ።

በሳምንቱ ባለቤቱን አስካለ ማርያምን አስከትሎ ጅጋ መጣ። እማዬ ሲያዩት የያዙትን ሰፌድ ለቀቁት፤ በርበሬው ከነአቧራው ተበተነ። እሱ የአባባን ጉልበት ስሞ ‹‹አባቴ ልከውኝ ነው። ቃል አጠፉ ብለው አያስቡም። ጥፋቱ ልጆቹን ሳንጠይቅ መነጋገራችን ነው ይሉዎታል›› አለ። አባባ ዝም። ምሳ ቀረበ፣ አንድ ላይ በላን፣ አሁንም ዝም። ሊሄዱ ሲነሡ ግን ዱላቸውን አንሥተው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኟቸው። አባባ ባለሥልጣን እንኳ ቢመጣ ከበረንዳው ወርደው እንደማይሸኙ ታውቂያለሽ።

ስለዚህ እትዬ፣ ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቂና ነይ። እመቤትሽ እንቢ ካለች ሙሽራው ካባውን አውልቋል በያት። የታሪኩን መጨረሻ ደግሞ አንቺው ራስሽ መጥተሽ ንገሪን፤ የስመኘው ጥሩ ነው፣ የአንቺ እንደሚበልጥ ግን አልጠራጠርም። ክንፈሚካኤል ከወዲሁ የፊት መቀመጫ ይዟል።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጠው ስመውሻል፤ በሥርጉት እጅ በርበሬ ልከውልሻልና ሰው ብቻ አብልተሽ እንዳትጨርሺው ብለዋል። ዲያቆን ክንፈሚካኤል በጸሎት አስብሻለሁ ብሎሻል። መስከረም ሳታውቅሽ ናፍቃሻለች። ስመኘውና አስካለ ማርያም ከነልጆቻቸው እጅ ነሥተውሻል። እኔም ወንድምሽ በሰላም ያገናኘን እላለሁ። ልፈርም ስል አባባ ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና ብለው ‹‹የእኔን ሰላምታ ለደጊቱ ጻፍክላት ወይ?›› አሉኝ።

ጅጋ፣ ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.