መብራት ሲጠፋ አብሮ የጠፋው ኖርዌያዊ

ካርታጎ፣ ማክሰኞ ጁን 11 ቀን 2019
የመደብሬ የዕለት ሂሳብ፦ ጠዋት አርባ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ገባ፤ ሠላሳ ስድስቱ ወጣ። ሁለቱን ዝናብ ስለነካቸው ጣልኳቸው።

ውድ ልጄ ዬሴንያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዘንድሮ ተሽሎታል። እዚያ ማልታ የኢንተርኔት ቁማርን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሥራ እንደሰጠሽና እስከ ዓርብ መልስሽን እንደሚጠብቅ ጽፈሽልኛል። «ሕግ ማጭበርበርን ካላስቀረ ገብቼ ምን እሠራለሁ? ትቼው ወደ አገሬ ብመለስስ?» ብለሻል። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ በስልኬ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር እንደምጫወት ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር ሁለት ሰዎች መሀል እያስገቡ ያስጨንቁኝ ጀመር። አንዱ ከኖርዌይ ነኝ ይላል፣ ሌላው ከፔሩ። አንዱ ጥሩ ካርታ ሲይዝ ሌላው በባዶ እጁ ገንዘብ ይጨምራል፤ መሀል ላይ የእኔ ገንዘብ ይበላል። አካሄዱን አውቀዋለሁ። ተመካክረው የሚመጡ ሽንኩርት ገዢዎችም እንዲሁ ናቸው፦ አንዱ ዋጋ ይሰብራል፣ ሁለተኛው ይበልጥ ሰብሮ የመጀመሪያውን ደግ ያስመስለዋል። ማስረጃ ግን አልነበረኝም።

አንድ ሐሙስ ነጎድጓድ መጣና የሰፈራችን የታራስ መብራት ድርግም አለ። የእኔ ስልክ በሞባይል ኔትወርክ ስለሚሠራ ቀጠለ። ኖርዌይና ፔሩ ግን በዚያችው ደቂቃ ከጨዋታው ጠፉ! መብራቱ ሲመጣም አብረው መጡ።

ጎረቤቴ ነጋዴዋ ዶኛ ኢርማ እስኪያንቃት ሳቀች። «ለካ ኖርዌይ ድረስ መብራት የምንልከው እኛ ነን!»

ለጨዋታው ድርጅት ብጽፍ «ሁሉም በደንቡ ነው» አለኝ። መብራት የጠፋበትን ደቂቃ ጠቅሼ፣ ለድርጅቱ ፈቃድ ለሰጠው ለዚያው የማልታ መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። እነሱ የጨዋታውን መዝገብ በግድ አስከፈቱ፤ ሁለቱ ታገዱ፣ የተበላሁትም ተመለሰልኝ።

«ዶን ኤቨሊዮ፣ አሁን ሌባው ጀነሬተር ገዝቶ ይመጣላ!» አለችኝ ኢርማ።

«ይግዛ! ቢያንስ ሌብነቱን አስወደድንበት።»

ልጄ፣ ሕጋችሁ ሌባ እንዳይመጣ አያደርግም። ማልታ ተቀምጦ የታራስን መብራት የሚያይ የለም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ግን መዝገብ አስቀምጡ የሚል ሕግ ባይኖር፣ ደብዳቤዬንም ከልቡ የሚያነብ ሰው ባይኖር፣ ያየሁት ለሳቅ ብቻ ይቀር ነበር። አንቺ ያንን ደብዳቤ የምታነቢው ሰው ሁኚ። ሥራውን ተቀበይ።

የመላእክት እመቤት በሄድሽበት ትከተልሽ። ምሳሽን አትዝለይ።

አባትሽ ኤቨሊዮ

ነገ፦ ትመለሻለሽ ብዬ ከእኔው ጎን ሦስት ዓመት የያዝኩልሽን መደብር ቁልፍ ለገበያው ጽሕፈት ቤት ማስረከብ።