የባሕታዊውና የሰይድ ቁራኛ

ማክሰኞ

ሐጎስን ቀበርነው። ከፊሉን። ትናንት የጠላት አውሮፕላን ገበያውን ሲመታ በሬ ሊሸጥ ሄዶ ነበር፤ የእሱን ሥጋ ከበሬው የለየነው በማተቡ ነው። እንዳልኩህ ጻፈው መሪጌታ፣ አታለስልሰው። መሪጌታ ልጄን ያገባ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮዬ ግን ከብዙ ቄስ ይሻላል።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ባሕታዊ ሰንሰለት ታጥቆ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመ። «ነጭ አየሁ። እሳቱ በነጩ ላይ ወረደ» አለ። ሌላ አላለም። ከሰዉ መሐል አንዱ «ሰይድ!» ብሎ ጮኸ። ሰይድ ጎረቤቴ ነው፤ ከወሎ የመጣ እስላም፣ አቡጀዲ ነጋዴ። ዝናብ የነካውን ነጭ ጣቃ ጣሪያው ላይ አስጥቶ ነበር። ለአውሮፕላን ምልክት ሰጠ ተባለ።

በአጣና ቀጠቀጡት። ጥርሶቹ መሬት ላይ ወደቁ። በከዘራዬ የአንዱን ክንድ ሰብሬ፣ ሰይድን በኮሌታው ጎትቼ ቤቴ አስገባሁት።

ረቡዕ

ማኅበርተኛው ቤቴ ተሰበሰበ። የማኅበሩ ሙሴ እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ቃል ጽዋ አይነሳም። ሰይድ ከጎተራው ጀርባ ደም ይተፋል። የሟቹ የሐጎስ ወንድም ካሕሳይ ጎራዴውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«አቦይ፣ ሰውየውን ያውጡልን።»

«ምን ልታደርጉት?»

«እግዜር የተናገረውን እርስዎ ሊመረምሩ ነው?»

«አዎ።»

ቄሳችን ቀሺ በመሐል ገብቶ፣ «ሐዋርያትም ትንቢት ሲመጣ ይመረምሩ ነበር» አለ።

«እነሱ መንፈስ ቅዱስ ነበራቸው። እኛ ምን አለን?» አለ ካሕሳይ።

እኔ ተናገርኩ። በሐዋርያት ዘመን አንድ ነቢይ ጳውሎስ እንደሚያዝ ሲናገር፣ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ እጅና እግሩን ነው ያሰረው። ይህን በቅዳሴ ሰምቻለሁ። የሰው እጅ አላሰረም። «ዳኛው ከከተማ ሸሽቷል። ዳኛ እስኪገኝ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ይታሰራሉ፤ ቁራኛ የአባቶቻችን ሕግ ነው። ባሕታዊው ከሰይድ ጋር ይታሰር» አልኩ።

ካሕሳይ አንቱታውን ጣለ። «እምቢ ቢልስ፣ አንተ?»

«ያኔ ሐሰተኛ ነው። ጎራዴህን ለእሱ አውለው።»

ሐሙስ

ባሕታዊው እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን እጁን ዘረጋ። ድጌን ከወገቤ ፈትቼ የእጃቸውን አንጓ ለአንጓ አሰርኳቸው።

ሰዉ ከአጥር ውጭ ድንጋይ ሲወረውር ዋለ። አንዱ የባሕታዊውን ግንባር ፈነከተው። ሰይድ ዞሮ አየው። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእኔ የተላከ ነበር» አለው። ባሕታዊው ሳቀ። ደሙ አፉ ገባ።

ዓርብ

አውሮፕላኖቹ ተመለሱ። ሰው ሁሉ ወደ ሸለቆው ሮጠ። እኔም ሮጥኩ፣ ጻፈው። ሁለቱ ተሳስረው መሮጥ አልቻሉም።

ስመለስ አጥሬ የለም። የባሕታዊው ሆድ ተዘርግፏል። ሰይድ ባልታሰረው እጁ አንጀቱን ደግፎ ይዞለታል። ካሕሳይ ጎራዴውን መዝዞ ደረሰ።

«አባ፣ ሳትሞት ተናገር። እሱ ነው?»

«ነጩን አይቻለሁ። ሰው አላየሁም። ሰውየውን እናንተ ጨመራችሁ።» ትንሽ ተነፈሰ። «ስታምኑኝ ጣመኝ። ዝም አልኩ።»

ከዚያ ነፍሱ ወጣች። ካሕሳይ ግን ጎራዴውን አነሳ። ፊቱ ቆምኩ። «በእኔ ጀምር» አልኩት። በትከሻው ገፍትሮ ጣለኝ። ጎራዴው ሲወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የቆረጠው ድጉን ነበር። ሰይድን አንዴ ደረቱን ረግጦት ሄደ።

ቅዳሜ

ባሕታዊውን ቀበርነው። ቀሺ «እውነተኛ ነበር ወይስ ሐሰተኛ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ያየው ከላይ ሳይሆን አይቀርም፣ ዝምታው ግን የራሱ ነው አልኩት። ከዚህ በላይ አላውቅም።

ሰይድ ወሎ ልግባ ይላል። ጎድንህ ሳይገጥም የትም አትሄድም ብዬዋለሁ። የሚቀጥለው ማኅበር የካሕሳይ ተራ ነው። ይጥራን አይጥራን አላውቅም። ዛሬ ጠዋት በፈረሰው አጥሬ አጠገብ አለፈ። ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ሰይድን አየው። ሰላም አላለንም። ጎራዴውን ግን አልያዘም ነበር።