ሰውነትሽ ነው ወይስ ልብሽ?

ልጄ፣ የእኔ ዓለም፣ እግርሽ የረገጠውን ሁሉ ያለምልምልሽ። አባትሽን ሳሉ ተሽሎታል፤ እህል ግን እንቢ ብሎታል።

አብራሽ የምትኖረው ልጅ ደውላ ስላንቺ በእንግሊዝኛ «ኸርት» እንዳለች ስልኩ ተቋረጠ። ያንቺም አይነሳ፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ቃሉን ይዤ ጎረቤታችን ነርሷ ጋ ሮጥኩ።

«አካሏ ተጎድቷል ማለት ነው፣ እማማ» አለችኝ። መምህሩ አጎትሽ ግን «እህት ዓለም፣ ሰው አስቀይሟትም ቢሆን እንዲሁ ይባላል» አለኝ።

«ምነው ልቧን ብቻ ባደረገው!» አልኩ። ለልጇ ቅያሜ የምትለምን እናት አይተሽ ታውቂያለሽ? በዚህ ሐሳብ ካውያውን ረስቼ የደንበኛ ሸሚዝ አቃጠልኩ።

አንድዬ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እባክሽ ሰው አታስደውዪ፤ በገዛ ድምፅሽ፣ በአፍ መፍቻሽ፣ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ነው ያመመኝ» በይኝ።