የመከታ ጉሮሮ

ጥር 9

ያው ቀን። ሁለት ወይፈን አኮላሸሁ፣ ሆዷ የተነፋ ላም አስተነፈስኩ፣ ጀርባው የተላጠ አህያ አጠብኩ። ባለ አህያው "እንዳትጭነው" ስለው ሳቀብኝ። ነገ ይጭነዋል።

ኮሌጅ እያለሁ ከሁሉም የምወደው የውሻና የድመት የውስጥ ደዌ ነበር። ቢቸና ከመጣሁ ወዲህ ያከምኩት ውሻ ስንት ነው? አንድም። ውሻ ወደኛ የሚመጣው ሰው ከነከሰ በኋላ ነው፣ ያውም ሞቶ። ድመት አንዴ መጥታልኛለች። መርፌ ከነክሩ ውጣ። ባለቤትየው "ክሩን ብስበው አይወጣም?" ብሎ ጠየቀኝ። ስቦት ኖሯል ለካ። ሞተች።

ጥር 11

ከሰዓት የክሊኒኩ ግቢ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ላም ይዞ የቆመው ሁሉ ላሙን ጥሎ ሸሸ። "እብድ ውሻ! እብድ ውሻ!"

በሩ ላይ አንዲት አጠር ያሉ እናት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ትልቅ ቡላ ውሻ በገመድ ይዘው ቆመዋል። የውሻው ለሃጭ እስከ መሬት ይዝረበረባል።

"ልጄ፣ እሱ አላበደም። ያበደውስ ሰው ነው" አሉኝ።

እማማ ይርጋነሽ ይባላሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የባላቸው ወንድም "ቤቱን ሽጠሽ ደብረ ወርቅ እህትሽ ጋ ግቢ" እያለ ይወተውታቸዋል። ሁለት ጊዜ ሌባ አጥር ዘሎ ገብቶባቸዋል። ሁለቴም ያዳናቸው ይሄ ውሻ ነው። ስሙ መከታ።

"እሱ ካለ እዛው ቤቴ እሞታለሁ። እሱ ከሌለ አንዲት ቀን አላድርባት። እወቂልኝ።"

የሚበላውን ሁሉ ወዲያው ይመልሰዋል። አያቃስት፣ ሆዱን አይጨምቅ… እንደገባ ይወጣል። ፋንታ፣ አለቃዬ፣ በመስኮት ሆኖ "ሰገነት! ውሃ ካልጠጣ ያለቀለት ነው፣ አስወጪው!" ይለኛል። ውሃ አቀረብኩለት። ጠጣ። መለሰው። እንደገና ጠጣ። እብድ ውሻ እንዲህ ይጓጓል?

ጓንት ደርቤ እጄን አፉ ውስጥ ከተትኩ። አጥንት የለም። ፈርቻለሁ፣ ምን ይደበቃል። "አስር ቀን ለብቻው ታስሮ ይቆይ፣ ማንም አይንካው። ካበደ አይዘልቃትም" አልኳቸው። ተጎትቶ ሄደ።

ጥር 22

አልሞተም። ሰውነቱ ግን ጎድን ብቻ ሆኗል። እብደት አይደለም እንግዲህ። ታዲያ ምንድን ነው?

"ምን ምን ይበላል?" አልኳቸው።

"የሰጡትን። በተለይ የዶሮ አንጀት ሲወድ! ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮ ባረደ ቁጥር ለሱ ነው የሚያስቀምጥልኝ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በእበት ላይ የምትርመሰመስ ጢንዚዛ አለች፣ ትል በሆዷ ትይዛለች። ጢንዚዛዋን ዶሮ ይበላል፣ የዶሮውን አንጀት ውሻ ይበላል። ትሉ ከውሻው ሆድ ተነስቶ በደም ሥር ይጓዝና ጉሮሮው ግድግዳ ላይ ቤቱን ይሠራል። እባጭ ይሆናል። መጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ይሄ ይሆን? ለማወቅ ራጅ ያስፈልጋል። እዚህ የማውቀው አንድ ማሽን ነው፣ እሱም ተበላሽቷል። ሞጣ ሆስፒታል ነጅዋ የምትባል የኮሌጅ ጓደኛዬ አለች። የሰው ራጅ ነው የምታነሳው። ብጠይቃት ምን ትለኝ ይሆን…

ጥር 26

ሞጣ ደርሰን መጣን።

ሚኒባስ ውሻ አይጭንም። የወሰደን ሙሐመድያሲን ነው፣ የሞጣው የእህል ነጋዴ። ጤፍ ሊገዛ መጥቶ ባዶውን ይመለስ ነበር። ኋላ ጆንያ አነጠፈለት። "ምራቁ ከነካኝ ሰባቴ መታጠብ አለብኝ፣ አንዷን በአፈር። እጠባለኋ! አፈር የሞላ ነው" አለ። እማማ ይርጋነሽ ከበዳቸው። "ምን ብዬ ላመስግንህ ልጄ?" ሲሉት "አንድ ሰው ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ቢያጠጣ ፈጣሪ ማረው ይባላል እኛ ዘንድ። እኔማ በመኪና ነው የጫንኩት እናቴ፣ ስንት ኃጢአት ይሰረዝልኝ ይሆን!" አለ። ቀኑን ሙሉ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ነጅዋ በምሳ ሰዓት በጓሮ በር አስገባችን። ግን ሰው አየን። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፣ ጎናቸውን ይዘው። "ጠዋት ለኔ መብራት የለም ተባልኩ። ለውሻ ሲሆን መጣ?" አሉ። መብራቱ በእርግጥ የመጣው ያኔውኑ ነው። ግን እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ነጅዋ ቀድማ እሳቸውን አነሳቻቸው። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

ከዚያ መከታ። እማማ ራሱን፣ እኔ እግሩን ያዝን። ምስሉ ሲወጣ ነጅዋ በጣቷ አሳየችኝ። ከልቡ ኋላ እንቁላል የሚያህል ጥላ። ከበላዩ ያሉት የጀርባ አጥንቶችም ከታች በኩል ሻክረዋል። መጽሐፉ ላይ ያለው ራሱ!

ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ በመደሰቴ አፈርኩ። እማማ ፊቴን እያዩ "ደህና ነው ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አይደለም። እባጩ ወደ ነቀርሳ ተለውጦ ከሆነ ምንም አላደርግለትም። አልተለወጠ እንደሆነ ግን መርፌ አለ። "እንሞክራለን" አልኳቸው።

የካቲት 3

መርፌውን ጀመርን። የበግ መድኃኒት ነው። ለውሻ ተብሎ የሚላክልን ነገር የለም።

ፋንታ "በግ ይበላል። ውሻ ምኑ ይበላል?" አለኝ። መርፌውን ሞላሁ።

ለእማማ የነገርኳቸው፦ ሳህኑን ከፍ አድርገው ደረጃ ላይ ያስቀምጡለት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይብላ። ምግቡ እንደ አጥሚት ይቅጠን። የዶሮ አንጀት እርም። ደግሞ አንገቱን በገመድ አይሰሩት፣ ጉሮሮው ላይ ሌላ ጫና አንጨምርበት። ቃል በቃል ደገሙልኝ። "አንገቱን አላስርም" አሉ።

የካቲት 19

ለውጥ የለም። ዛሬ አጥሚቱንም መለሰው። ሲያየኝ ጭራውን ይወዘውዛል፣ ለመነሳት ግን አቅም የለውም። የባላቸው ወንድም እዛው ነበር። "ዶክተር፣ ይሄን ከምታሰቃዪ ገላግይው። ለሷም እረፍት ነው" አለኝ። ለማን እረፍት እንደሆነ አውቃለሁ።

ተስፋ ቆርጫለሁ መሰለኝ። ለማንም አልነገርኩም።

መጋቢት 6

አልመለሰም! ጠዋት በላ፣ እስከ ከሰዓት ቆየሁ፣ አልመለሰም።

በጾሙ ምክንያት የሚታረድ ዶሮ ስለሌለ አንጀት አላማረውም፣ ይሄም ረድቶናል።

ሚያዝያ 17

መከታ ሰው ሆኗል ብል ይቀለኛል። ጎድኑ ተሸፍኗል። ጩኸቱ ከመንገድ ይሰማል። ትናንት የባላቸው ወንድም ቤት ሊገምት የመጣ ሰው አስከትሎ ሲገባ መከታ ሱሪውን ይዞ እስከ በር ሸኝቶታል። እማማ ይሄን ሲነግሩኝ በሳቅ እንባቸው መጣ። "እንግዲህ በቤቴ ልሙት ልጄ። አንቺ ነሽ ያቆየሽኝ።" ትከሻዬን ሳሙኝ።

ገመዱ አሁንም አንገቱ ላይ እንዳይሆን አልኳቸው። በደረቱ የሚያዝበት ጠፍር እኔ አሰፋለታለሁ፣ ቆዳ ሰፊው ጋ ሄጄ። በዚህ ሳምንት።

ግንቦት 4

ገጠር ቀበሌ ውስጥ እብድ ውሻ አንዲት ልጅ ነክሷል። ልጅቷን መጀመሪያ ጠበል ወሰዷት፣ ክትባቱ ጋ ዘግይታ ደረሰች። ሞተች። ስለዚህ ዘመቻ ታዘዘ። ያልታሰረ ውሻ ሁሉ ይወገዳል። በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ዋለ።

መርዙን ስጋ ውስጥ የምከተው እኔ ነኝ። ከሐኪም በቀር የሚነካው የለም፣ ሥራዬ ነው። ዓምናም ቀምሜያለሁ። ስጋውን ስቆርጥ፣ መርዙን ከትቼ በክር ስሰፋ የማስበው ልጅቷን ብቻ ነው። እንዲያ ካላሰብኩ እጄ አይሠራልኝም።

ግንቦት 6

ጠዋት እማማ ይርጋነሽ በነጠላቸው ሮጠው መጡ። "መከታ ወደቀ። ያ ነገር ተነሳበት ልጄ፣ ድረሽለት!"

ስደርስ በራቸው ሥር ነበር። ደርቋል። አራቱም እግሮቹ ተገትረው… አንድ ጊዜ አይቼ አወቅኩ።

"ያው በሽታው ነው አይደል?" አሉኝ።

"ከፍቼ ልየው" አልኩ።

ክሊኒክ ወስጄ ከፈትኩት። ጉሮሮውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩ። እባጩ የለም። በቦታው ጠባሳ ብቻ፣ ጥፍር የምታህል። ለስልሷል። ድኖ ነበር። ሙሉ በሙሉ ድኖ ነበር።

ጨጓራው ውስጥ ስጋው አለ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አጥፌ የሰፋሁበት ክር ሳይቀር አልተፈታም። ሳያኝክ ውጦታል። ጉሮሮው ምንም ሳይዘው።

ግንቦት 7

አልሄድኩም።

ግንቦት 8

ሄድኩ።

ምስር እየለቀሙ ነበር። እንዴት እንደሆነ እሳቸው ነገሩኝ። ማጉያውን ሰምተዋል። "እሰሩ ይላል። አንቺ ደግሞ አትሰሪ ብለሻል። ካንቺና ከማጉያው ማንን ልመን? በሩን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ።" ሲነጋ ለቅዳሴ ሲወጡ እንደ ወትሮው እስከ ማዕዘኑ ሸኛቸው፣ ብቻውን ተመለሰ። ስጋው ቦዩ ውስጥ ተጥሎ ነበር።

ጠፍሩን አላሰፋሁም። እዛ ቆዳ ሰፊ ጋ አልሄድኩም። አንድ ቃል "በዘመቻው ጊዜ ቤት ውስጥ ይቆይ" አላልኩም። ስጋውን ስቆርጥ ቀኑን ሙሉ እሱ ትዝ አላለኝም። እንዴት ትዝ አይለኝም?

"በሽታው ተነስቶበት ነው ይላል ሰዉ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከምስሩ ሳያነሱ። እንዲያ እንድላቸው የፈለጉ መሰለኝ። አንድ ቃል ነበር። እሺ ብዬ ብወጣ ያበቃ ነበር።

"በሽታውስ ድኖ ነበር እማማ። መርዝ ነው የገደለው። የቀመምኩትም እኔ ነኝ።"

እጃቸው ቆመ። ከዚያ መልቀማቸውን ቀጠሉ። ምስሩን ለቅመው ሲጨርሱ "ውሃ ልስጥሽ?" አሉኝ። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

ግንቦት 19

አጥራቸው ተነቅንቆ አደረ። ሌባ ይሁን ሌላ ሰው አልታወቀም። ጎረቤት ቤት ነው አሁን የሚያድሩት። የባላቸው ወንድም ገዢ አምጥቷል።

ፋንታ ሁለተኛ ዙር ዘመቻ አለ አለኝ። አልቀምምም አልኩት። "ሌላ ልጅ ብትነከስስ?" አለኝ። ልትነከስ ትችላለች። ግን አልቀምምም። ውሾቹን ልክተብ፣ ክትባት ይላክልኝ ብዬ ጻፍኩ። "ሥራሽን ታጪያለሽ" አለኝ። ልጣ።

ግንቦት 24

እማማ ይርጋነሽ ዛሬ ሄዱ።

የሙሐመድያሲን መኪና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ይመለስ ነበር። አልጋቸውን፣ ሁለት ጆንያ እህልና አንድ ሣጥን ጫነላቸው። እኔም አገዝኩ። ሙሐመድያሲን እንደ ሌላ ጊዜው አልቀለደም። "አላህ ያጽናዎት እናቴ" ብቻ አለ።

ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉን ለባላቸው ወንድም ሰጡት፣ ፊቱን ሳያዩ።

ጋቢና ከወጡ በኋላ ወደኔ ዞሩ። የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

"ምነው ሳታድኝው በተውሽልኝ" አሉኝ። "እየመለሰም ቢሆን ይኖርልኝ ነበር።"

ሳይታከም ክረምቱን አይዘልቅም ነበር። አውቃለሁ። አልነገርኳቸውም። በሩን ዘጋሁላቸው።