የሞተች የጽሕፈት መኪና ቁልፎች

ሜይ 3
አሮጌ ዕቃ ልቃርም ኖሊን ሱቅ ገባሁ። ለአንድ ደንበኛ ስትናገር ሰማኋት፤ «እሷ የጽሕፈት መኪና? የሞተች ናት። ንቅንቅ አትልም።» ሰውየው ትቷት ወጣ። እኔ ይዣት ወጣሁ። ክብ ክብ ቁልፎች፣ ዙሪያቸው የብረት ቀለበት... ለኮምፒውተሬ ኪቦርድ ስመኛቸው የኖርኩት።
ሬዊን በር ላይ ጠበቀችኝ። «ደግሞ ሌላ ሬሳ አመጣህልኝ?» ጋራዣችንን የማያውቅ ሰው ሚስቴን ቢሰማት ፖሊስ ይጠራል።

ሜይ 9
ቁልፎቹን ከግንዳቸው ቆረጥኩ። የዘመኑን ኪቦርድ የፕላስቲክ ቁልፎች ነቅዬ በቦታው ለጠፍኳቸው። ጠርዙን በናስ ከበብኩት። በእንፋሎት ባቡር ዘመን ኮምፒውተር ቢኖር ይህን ይመስል ነበር ብለን የምናምን ሰዎች ነን። አብደናል? ሳይሆን አይቀርም። ግን ያለነው ኦማሩ ከተማ ነው። ባንክ ቤት ረጅም ባርኔጣ ከነናስ መነጽሩ የደፋ ሰው ቢሰለፍ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ሜይ 16
ኪቦርዱን እንደኔ ያሉት እብዶች ወደሚሰበሰቡበት ክበባችን ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ለከተማችን የእንፋሎት ዘመን በዓል ውድድር የማቀርበው ነው። ሁሉም ከበበው። ሌስሊም መጣ። ሳሎኑ ከወንበር ይልቅ የጽሕፈት መኪና የበዛበት ሰው ነው፤ እንግዳው ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነው።
«ከየት ቆረጥካቸው?»
«ከሞተች መኪና።»
«መሞቷን ማን አየ?»
«ኖሊን።»
«ኖሊን ደግሞ መቼ ሐኪም ሆነች?»
ሰው ሳቀ። በእኔ! ክበባችን አንድ የከበረ ሕግ አለው፤ የምትጽፍ መኪና አትቆረጥም። የቆረጠ ይባረራል። «ነፍሰ ገዳይ!» አለኝ ሌስሊ፣ አፉ ውስጥ ያለውን አይብ የተጠቀለለበት ዳቦ እንኳ ሳይውጥ።

ሜይ 17
ነፍሰ ገዳይ... ለብረት።

ሜይ 21
ሌስሊ ይባረርልኝ ብሎ ለክበቡ አመልክቷል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ና» የሚለኝ ያ ቤት ብቻ ነው። እሱን ሊወስድብኝ! ስለ ፍትሕ የጻፉ ፈላስፎችን አንብቤያለሁ። አንዳቸውም ሌስሊን አያውቁትም።
«መኪናዋን ውሰድለትና ይያት፤ በቃ» ትላለች ሬዊን።
«ለእሱ? እኔ? አላደርገውም!»
«ግትር።»
«እሱ አይብስም?»
«እሱን አላገባሁትማ።»

ሜይ 30
ስብሰባው ዛሬ ነበር። ኖሊን መጥታ መሰከረች። «ስንቱ ደንበኛ ገፋት፣ ጎተታት። ፍንክች አላለችም።»
ሌስሊ ተነሳ። «አንተ ሰውዬ፣ አምጣትና አንድ ጊዜ ልያት። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም።»
«ቃሌ አይበቃህም?» ብዬ ጮህኩ። መስኮቱ የተንቀጠቀጠው በነፋሱ ይሆናል።
ሊቀ መንበሯ ግሌኒስ እጅ አስወጣች። ሁሉም ለእኔ አወጡ። ሌስሊ ባርኔጣውን አነሳ። «እንግዲህ እኔ ነኝ የምወጣው» አለና ሄደ። ይሂድ! ክበቡን የመሠረተው እሱ ነው... ታዲያ? የመሠረተ ሁሉ ይንገሥ?

ጁን 2
በበዓሉ ውድድር አንደኛ ወጣሁ። ሰው ተሰልፎ ስሙን በኪቦርዴ ጻፈ። ሌስሊ አልመጣም። ደስ ብሎኛል? በጣም። ታዲያ ደሜ አሁንም የሚፈላው ለምንድን ነው? እሱ ስለሌለ የምናደደው በማን ላይ ነው?

ጁን 6
ሬዊን ጋራዡ ይጠረግ አለች። የጽሕፈት መኪናዋን ቅሪት ልጥል ብድግ ሳደርጋት አውራ ጣቴ ከወረቀት ተሸካሚው ሥር አንዲት ትንሽ ብረት ነካ። ቀጭ ብላ ተከፈተች። መኪናዋ ስትጓጓዝ እንዳይንሸራተት ተሸካሚውን የምትቆልፍ ብረት ናት። መኪናዋን መልሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። አንዱን የተቆረጠ ግንድ በጣቴ ተጫንኩ። ተሸካሚው የአንድ ፊደል ያህል ሄደ። ሌላውን ተጫንኩ። አሁንም ሄደ።